ኩራታችሁ ከሚፈቅደው ይልቅ ቀስ በሉ

ናይሮቢ ያለን ሐበሾች በዓመት ሁለት ጊዜ የመማል ዕድል አለን። መስከረም 1 ቀን «ዘንድሮስ ይህን ቦርጭ አጠፋዋለሁ» እንላለን። ካልሆነልን በፈረንጆቹ ጥር ከኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ጋር እንደገና እንምላለን። በእነዚያ ሳምንታት ዌስትላንድስ ያሉ ጂሞች ይሞላሉ፣ የመሮጫ ማሽኑም ወረፋ ይይዛል። ወር ሳይሞላ ማሽኑ ባዶውን ይቆማል። ሰዎቹ የቀሩት ሰንፈው ነው ይባላል፤ እኔ አልስማማም። አብዛኞቹ የቀሩት በመጀመሪያው ቀን ከልክ በላይ ስለ ጎበዙ ነው!

ዓመታትን ወንበር ላይ የቆየ ሰው ተነሥቶ አንድ ሰዓት ሲሮጥ፣ ክብደት ሲያነሳ፣ ስኳት ሲወርድ ያመሻል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፤ ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ይብስበታል። «ስፖርት ለእኔ አይሆንም» የሚለው ያኔ ነው። ስፖርቱ ግን ይሆነው ነበር፤ ያልሆነው መጠኑ ነው።

ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ስፖርት እየሠራን ሳለን ሰውነታችን አይጠነክርም፣ ይደክማል። የሚጠነክረው በኋላ፣ ስንበላና ስንተኛ ነው። የጭቃ ቤት የሚመርግ ሰው የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይደርብበትም። እናንተም ከባድ ቀን ካሳለፋችሁ ቀጥሎ ለሰውነታችሁ ቀላል ቀን ስጡት። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፣ ጡንቻም ይከተላል፣ ጅማት ግን ቀርፋፋ ነው። ትንፋሻችሁ «ጨምር» እያለ ጉልበታችሁ የሚያማችሁ ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደቂቃውን ጨምሩ፣ ፍጥነቱ ይቆይ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨምሩ።

«ዕድሜዬ አልፏል» ለምትሉ ደግሞ ደስ የሚል ታሪክ አለኝ። በ1966 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ ውስጥ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ የሆነ አምስት ጤነኛ ወጣቶችን ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኟቸው። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በአማካይ ከሩብ በላይ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው አገኟቸው። ሃምሳ ደርሰዋል፣ ወፍረዋል። ሲመዘኑ ግን በ30 ዓመት ውስጥ ያጡት አቅም፣ ያኔ በሦስት ሳምንት መኝታ ካጡት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እስቲ አስቡት፤ አልጋው ከዕድሜ የባሰ አስረጅቷቸው ነበር! ከዚያም በእግር ጉዞ፣ በሶምሶማና በብስክሌት ስድስት ወር አሠለጠኗቸው። በጥቂቱ ጀምረው መጨረሻ ላይ በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ደረሱ፤ በአማካይም በወጣትነታቸው፣ ከመተኛታቸው በፊት ወደ ነበራቸው አቅም ተመለሱ። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያስደንቀኝ የሥልጠናው ተራነት ነው። ልዩ ማሽን የለም፣ ልዩ ዱቄት የለም፤ ስድስት ወር አለመቅረት ብቻ ነው።

መጠኑን በምን እንለካ? በወሬ። እየተራመዳችሁ ወይም እየሮጣችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀንሱ። ይህ የጀማሪ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2019 ቪየና ላይ ማራቶንን በ1:59:40 የጨረሰው ኤልዩድ ኪፕቾጌ እንኳ በቀላል ልምምድ ቀኑ ከጓደኞቹ ጋር ሲነሣ ዝግ ብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውም ከባድ አይደለም፦ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ለአምስት ቀን ሲካፈል 30 ደቂቃ ነው። ዋያኪ ዌይ ላይ ማታቱ ውስጥ ተቀምጠን ከዚያ በላይ እንቆያለን።

ማታቱን ካነሣን አይቀር፣ በ1953 የታተመው የብሪታንያዊው ሐኪም የጄሪ ሞሪስ ጥናት የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮችን ከረዳቶቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ባለ ፎቁን አውቶቡስ ሲወጡ ሲወርዱ የሚውሉት ረዳቶች የልብ ሕመማቸው ያነሰ ነበር። የማታቱ ረዳት መሆን አይጠበቅባችሁም፤ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ከሙዚየም ሂል ወደ ዌስትላንድስ የሚያወጣው ዳገት በነፃ የተሰጠ ጂም ነው። የቢሮ ፎቆቻችን ደረጃም እንዲሁ፣ መቼም ሊፍቱን መጠበቅ ራሱ ጊዜ ይፈጃል። «ከፍታው ከበደኝ» የሚል አዲስ አበቤ ካለ ግን አልሰማውም፤ ናይሮቢ ከአዲስ አበባ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ናት።

ሰውነት ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን ይሆናል። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። ወደ ጎዳና ሩጫ ዞራ፣ ለረጅሙ ርቀት ሠልጥና፣ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። እኛ ክብረ ወሰን ባንሰብርም ሕጉ አንድ ነው፦ ዳገት መውጣት የፈለገ ዳገት ይውጣ፣ ልጁን አቅፎ መነሣት የፈለገ ስኳት ይሥራ። የደረት ሕመም፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር።

ለመጀመር ቅዳሜ ጠዋት ካሩራን እመክራለሁ። ከዌስትላንድስ ሩቅ አይደለም። ከ1,000 ሄክታር በላይ የሆነ ደን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግንባታ ሊሸነሸን ሲል የአካባቢ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ከጓደኞቿ ጋር ተደብድባ ጭምር ተሟግታ አትርፋዋለች። ዛሬ የእግር፣ የሩጫና የብስክሌት መንገዶች አሉት፤ መሬቱም ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት ይራራል። 10 ደቂቃ ተራመዱ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሱሙ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ስድስት ጊዜ ደጋግማችሁ፣ «ገና አልደከመኝም» እያላችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ውድ ጫማ አያስፈልግም። የነዋሪነት መታወቂያችሁን ግን አትርሱ፤ የነዋሪና የቱሪስት መግቢያ ዋጋ አንድ አይደለም።