አፋርኛውን አታስጥይው

ስሚኝ እህቴ፣ ልጁ በአፋርኛ ሲመልስልሽ «በአማርኛ ተናገር!» እያልሽ መቆጣቱን ተይ። አንቺ የደሴ ልጅ፣ ባልሽ አፋር፣ ቤታችሁ ሰርዶ፤ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚያድግ ልጅ ከፈለግሽማ እዚያው ደሴ ነበር ማግባት።

አማርኛው እንዳይጠፋው ከሰጋሽ አብሽሪ። የጅቡቲ መንገድ በደጅሽ ያልፋል። ሹፌሩ ሻይ የሚያዘው በአማርኛ ነው፤ ረዳቱ የሚሳደበውም በአማርኛ (እሱስ ቢቀርበት)። ቴሌቪዥኑ፣ የሎግያ ሱቅ፣ የሰመራ ቢሮ፣ ሁሉም በአማርኛ ያናግረዋል። አፋርኛው ግን የቆመው በአያቱ ነው። ባልሽ መንገደኛ ነው፤ አማትሽን ዝም ካሰኘሻት ማን ይቀረዋል?

«አፋርኛ ምን ያበላዋል?» ብለሻል አሉ። ቋንቋው ጅቡቲና ኤርትራ ድረስ ያስኬዳል። በ2012 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከትግርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ተወስኗል። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ ዳጉ ይበልጣል። አይተሽ የለ? ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። አረፍ ይሉና ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ግመል እንደጠፋ፣ ወሬውንም ከማን እንደሰሙት ይነጋገራሉ። እዚያ ላይ ቀጥፎ የተገኘ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያምነው የለም። ዳጉ የማይችል ልጅ በአባቱ አገር እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በመጋቢት 1961 ሰርዶን ያፈራረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ያዩ ሽማግሌዎችም የሚያወጉት በአፋርኛ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አያቱ «ምን አየህ? ከማን ሰማህ?» እያለች ትጠይቀው። ነገርን ከሥሩ ይዞ በተራ በተራው ማውራትን ትምህርት ቤት እንዲህ አድርጎ አያስተምረውም።

አንቺ ደግሞ በራስሽ ቋንቋ አጫውቺው። ያንቺ አፋርኛ ለገበያ ይበቃል እንጂ ለተረት አይሆንም። ተረቱንም፣ ቁጣውንም፣ እሹሩሩውንም በአማርኛ አድርጊው። ጁል ሮንጃ የሚባል ፈረንሳዊ ልጁን ያሳደገው እንዲሁ ነው፤ እሱ በፈረንሳይኛ፣ ጀርመናዊቷ እናት በጀርመንኛ ብቻ እያናገሩ። በ1913 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መጽሐፍ ጽፎበታል። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ግን ሕግ አታድርጊው። አማትሽ ፊት በአፋርኛ ብታናግሪው የሚፈርስ ነገር የለም።

ሁለቱን ቀላቅሎ ሲያወራም አትደንግጪ። አንዱ ቋንቋ ላይ ያጣውን ቃል ከሌላው ይበደራል፣ ሲያድግ ይለየዋል። የሚያውቀውን ቃል ስትቆጥሪ የሁለቱንም ደምሪ። ሁለት ቋንቋ የልጅን አንደበት አያዘገይም። ሁለት ዓመት ሞልቶት በየትኛውም ቋንቋ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ወይም ከኋላው ስትጠሪው ካልዞረ፣ ዱብቲ ሆስፒታል ወስደሽ ጆሮውን አስመርምሪው፤ በአፋርኛ አታሳብቢ።

«ጠ»ን «ተ»፣ «ሸ»ን «ሰ» ሲል እንግዶችሽ ይስቃሉ፣ አንቺም አብረሽ ትስቂያለሽ። አፋርኛ ውስጥ «ጠ»ም «ሸ»ም የለም፤ ልጁ ምን ያድርግ? እኛ «ዐ»ንና «ሐ»ን በፊደል ይዘን ድምፃቸውን ጥለናል፣ እሱ ግን ከጉሮሮው ያወጣቸዋል። እስኪ አንቺ ሞክሪው! የተሳቀበት ልጅ ዝም ማለትን ይለምዳል። ሳትስቂ ቃሉን አስተካክለሽ መልሺለት፣ ይበቃል።

ትምህርት ቤት ሲገባ ሦስት ጽሕፈት ይጠብቀዋል፦ ፊደል፣ የመድረሳው ዐረብኛ፣ አፋርኛው የሚጻፍበት ላቲን። ላቲኑ ላይ ይቸገራል። በአፋርኛ «ሲ» የምትባለው ፊደል «ሐ» ናት፣ «ኪው» ደግሞ «ዐ»፤ እንግሊዝኛ ሲጀምር እነዚያው ፊደላት ሌላ ድምፅ ይዘው ይመጣሉ። ቢያምታታ አትጩሂበት። ፊደሉን አሁኑኑ አንቺ አስጀምሪው፣ ላቲኑን አባቱ ያስይዘው።

የአባቱን ነገር ካነሳን፣ ሲደውል ልጁን በአማርኛ የሚያናግረው አንቺን ደስ ለማሰኘት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በአፋርኛ ብቻ ያውራው በይው። ካፈርሽ ስልኩን ስጪኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ።