ጓሳ ምግቡን የት ይደብቃል?

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ አንድ ሣር ነው። «ስለ ሣር ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

አምና ነሐሴ ላይ እኔና የአጎቴ ልጅ የጥጃዎቹን ቤት ክዳን ልንጠግን ከእርሻችን ዳር ለምለም ጓሳ ከሥሩ አጭደን መጣን። አያቴ አይታ «ጓሳ ካላረጀ አይከድንም» አለችን። አልሰማናትም። ዘንድሮ ክረምት ክዳኑ በስብሶ ጥጃዎቹ ላይ አፈሰሰ። ያጨድንበት ቦታም ጓሳው ሳስቶ ቀረ። ለምን እንደሆነ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅሁ። ከእሳቸው የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ቤት ያለ ሽንኩርት አስቡ። ማንም ሳይተክለው፣ ውኃ ሳያገኝ፣ ቅርጫት ውስጥ ያቆጠቁጣል አይደል? ሲያቆጠቁጥ ግን ራሱ ይሟሽሻል። ለምን ቢባል፣ አዲሱ ቅጠል የሚበላው ሽንኩርቱ ያጠራቀመውን ምግብ ነው። ጓሳም እንዲሁ ነው፣ ልዩነቱ የእሱ ጎተራ ሥሩና ከመሬት ጋር የተያያዘው የግንዱ ግርጌ መሆኑ ነው።

በክረምት ዝናብ አለ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ያን ጊዜ ግን ብዙውን ለማደግ ያውለዋል። ዝናቡ ሲያበቃ የተረፈውን ስኳር ወደ ታች ያወርዳል። ከሚደርቀው ቅጠል ላይ ናይትሮጅኑን ሳይቀር መልሶ ይወስዳል። ብርድ አገር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አፈሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የወደቀ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ማዳበሪያ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ጓሳ ያለውን አይጥልም። በኋላ የሚቀረው ደረቅ ቅጠል ጭረት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ለገመድና ለክዳን የሚሆነውም እሱ ነው! እኛ ያጨድነው ግን ውኃና ስኳር የሞላበት ነበር፣ በሰበሰ። ሥሩ ደግሞ ጎተራው ሳይሞላ ቅጠሉን ተቀማ።

ውኃውስ? የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በበጋ ሌሊት ውርጩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ጠዋት ፀሐይዋ ወጥታ ቅጠሉን ታደርቃለች፣ ሥሩ ግን ገና በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ስለሆነ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ መጠማት ማለት ይኼ ነው። ለዚህ ነው የጓሳ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ወስፌ የቀጠነው። ነፋስና ፀሐይ የሚያገኙት ገጽ ትንሽ ይሆናል፣ ውኃውም በቀላሉ አይተንም። አሮጌው ደረቅ ቅጠልም እንደ ጋቢ ሆኖ መሃል ያለውን ቡቃያ ከውርጭ ይሸፍነዋል። (ጅብራም ሌሊት ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ መሃል ሰብስቦ እምቡጡን ያለብሳል። እሱ ግን ለዓመታት አጠራቅሞ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። የእሱ ነገር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ጓሳ የቆመበት ጥቁር አፈር ዝናቡንና ጉሙን እንደ ሰፍነግ ይይዛል፣ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከዚያ የሚነሳው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

የመንዝ አባቶች ከብዙ ዘመን በፊት ጀምረው ጓሳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሲከፍቱትም በበጋ ነበር፣ ክረምት ሲገባ መልሰው ይዘጉት ነበር። ስለ ናይትሮጅን የነገራቸው አልነበረም፤ ጊዜውን ግን በትክክል ያውቁት ነበር። ጭላዳም ያውቃል! ሣሩ ለምለም ሲሆን ቅጠሉን ይግጣል፣ በበጋ ደግሞ መሬት በጣቱ እየቆፈረ ሥሩን ይበላል። ምግቡ የት እንደሄደ ገብቶታል ማለት ነው።

እኛ ያጨድነውን ቦታ አሁን በድንጋይ ከበነዋል፣ ከብት እንዳይገባበት። አንዳንዱ እግር አቆጥቁጧል፣ ሦስቱ ግን ምንም አላሳዩም። ለክዳኑ ከሌላ ቦታ ያረጀ ጓሳ እስክናጭድ ጥር መድረስ አለበት። ጥጃዎቹ ለጊዜው የሚያድሩት አያቴ ማድ ቤት ነው፣ እሷም በየማታው ታስታውሰናለች።