ሰው ሳይወጣበት የታደሰ ቤት

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ለሚኖር አንድ ሰው ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበረችው። ክፍሏ ሁለት ብቻ ነበረ፤ በአንደኛው አሮጊት እናቱ ይተኙ ነበር፤ በሁለተኛው እርሱና ሚስቱ ከሦስቱ ልጆቻቸው ጋራ ያድሩ ነበር። አንድ ዓመት ታናሽ ወንድሙ ሞተና ሁለት ልጆች ያለ አባትና ያለ እናት ቀሩ። ሰውየውም ልጆቹን ወደ ቤቱ አመጣቸው። ከዚያ ወዲያ ማታ መኝታ ሲነጠፍ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። ስለዚህ በቤቱ ጎን ሁለት ክፍል ሊቀጥል፣ አሮጌውንም ግድግዳ ሊያድስ ቈረጠ። ሌላ ቤት እንዳይከራይ ገንዘቡ ለእንጨትና ለቆርቆሮ ብቻ የምትበቃ ነበረች፤ እንግዲህ ስምንቱም በዚያው ቤት እየኖሩ ይሠራ ዘንድ ግድ ሆነ።

ሥራው የተጀመረው በጥቅምት ነው። ክረምት ከወጣ በኋላ መሬቱ ገና ርጥብ ስለ ሆነ ለመቈፈር ይቀላል፤ እስከሚመጣው ክረምት ድረስም ጭቃው የሚደርቅበት ብዙ ፀሐይ አለ። ለቋሚና ለማገር የሚሆነው እንጨት ባሕር ዛፍ ነበረ። የዚህ ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት እየተቈረጠ ስላለቀ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በብዛት ተተከለ፤ ቶሎ ያድጋልና። አናጢው ቅርፊቱን ልጦ፣ ምስጥ እንዳይበላው ከመሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልቦ አቆመው።

ጭቃው ግን ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚፈልግ ነገር ነው። ዐፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋራ በውሃ ይቦካል፤ በእግርም ይረገጣል። ከዚያ በኋላ ጭዱ እስኪልም ድረስ ብዙ ቀን ይተዋል፤ ውሃ እየተጨመረበትም ደግሞ ይረገጣል። ሽታው መልካም አይደለም፤ ጎረቤት ሁሉ ይህን ያውቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ያየ ልጅ ሥራው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ልስን አጥብቆ የሚይዘው በዚያው ስንጥቅ ነው።

በዚያ ጊዜ ሁሉ የቤቱ ኑሮ እንደ መንገደኛ ኑሮ ሆነ። ምጣዱ ወደ ደጅ ወጥቶ ከዳስ በታች ተጣደ። ሚስቲቱ ሊጡን በጨርቅ ብትሸፍነውም አቧራው ይገባ ነበርና እንጀራው አንዳንድ ቀን በጥርስ መካከል ይንቀጫቀጭ ነበር። ከልጆቹም አንዱ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ምስማር ወጋው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ማታ ማታ የወደቀውን ምስማር እየለቀሙ በጣሳ ያኖሩ ጀመር፤ የጐበጠውንም አናጢው በመዶሻ አቅንቶ ደግሞ ይመታው ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን የአሮጊቷ ነገር ነው። ዐልጋቸው ዛሬ ወደዚህ ነገ ወደዚያ ይጎተታል፤ እርሳቸውም አንድ ቃል አይናገሩም ነበር።

የአዲሱ ክፍል ጣራ ከለበሰ በኋላ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ የሚያሳልፍ በር ሊከፈት ሆነ። በዚያ ጊዜ አሮጊቷ ተናገሩ። «ይህን ግድግዳ አትንኩት፤ የመረገው ልጄ ነው» አሉ። እውነት ነበረ፤ ሟቹ በጕልማስነቱ የመረገው ነውና በዐልጋው ራስጌ በኩል የጣቱ ፈለግ ገና ይታይ ነበር። ሰውየው ግን፣ «እመዬ፣ በር ከሌለው ልጆቹ በሌሊት በደጅ ዞረው ሊገቡ ነው?» አለና ሌላ ነገር አልመለሰም።

በማግሥቱ አናጢው ሳይመጣ፣ የአንድ ቀን ዋጋ ላትርፍ ብሎ፣ መጥረቢያ አንሥቶ የግድግዳውን ቋሚ ይቈርጥ ጀመር። እናቱ ከጥጉ አልነሣም ብለው በዚያው ተኝተው ነበር። ሁለተኛው ቋሚ ሲቈረጥ ጣራው ተንቋቋ፤ ዐፈርም በአሮጊቷ ላይ ረገፈ። በዚያ ቅጽበት አናጢው ደረሰና አንድ ባላ አንሥቶ ጣራውን ደገፈው።

«ጌታው፣ ግድግዳ መጋረጃ መሰለዎን? ጣራውን የተሸከመው እኮ እርሱ ነው» አለ።

በጭቃ ቤት በር ሲከፈት አስቀድሞ ጣራው በባላ ይደገፋል፤ ከዚያ ቋሚው ይቈረጣል፤ መቃኑ ይቆማል፤ በላዩም ጉበን ይጋደማል። ባላው የሚነሣው ጉበኑ ሸክሙን ከተቀበለ በኋላ ነው። ሰውየው ይህን ሳያውቅ የቀረ አይደለም፤ ችኰላ አስረሳው እንጂ።

በእናቱም እግር ላይ ወደቀ። እርሳቸው ዐፈሩን ከነጠላቸው እያራገፉ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «አንዱን ልጄን ቀብሬአለሁ፤ አንተ ደግሞ እኔን ለመቅበር ቸኰልህን?» አሉት። የሚመልሰው ቃል አጣ። በዚያ ቀን ሥራ አልተሠራም።

በማግሥቱ አሮጊቷ ራሳቸው አናጢውን ጠርተው፣ «የሚፈርሰው ጭቃ ወዴት ይጣላል?» ብለው ጠየቁት። አናጢውም፣ «አይጣልም፣ እማማ፤ አሮጌ ጭቃ ተከስክሶ በውሃ ቢርስ ከአዲሱ ጋራ ይቦካል» ብሎ መለሰላቸው።

«እንግዲያስ ክፈቱት» አሉ።

በሩ እንደ ሥርዐቱ ተከፈተ። ከግድግዳው የወረደው ጭቃ ተከስክሶ በጕድጓዱ ከአዲሱ ጋራ ተጨመረ፤ የሟቹም ሁለት ልጆች ልብሳቸውን እስከ ጕልበታቸው ሰብስበው ረገጡት። አሮጊቷ በደጃፍ ተቀምጠው ያዩአቸው ነበር። በዚያ ጭቃ የልጆቹ ክፍል ተመረገ።

በመጋቢት የበልግ ዝናብ በዘነበ ጊዜ አሮጌው ጣራና አዲሱ በሚጋጠሙበት ስፍራ ውሃ አንጠባጠበ፤ ከሁለቱ ጣራ የሚወርደው ውሃ በዚያ ይሰበሰባልና። አናጢው ሰፊ አሸንዳ አስገባበት፤ በባልዲም ውሃ አፍስሶ ፈተነው። ከሰኔ በፊት ግድግዳው ሁሉ ደርቆ ኖራ ተቀባ። የአሮጊቷ ዐልጋ አንድ ጊዜ ደግሞ ተጎተተ፤ በአዲሱ በር አልፎ ከሁለቱ ልጆች መኝታ አጠገብ ተዘረጋ።