የዋጋ ወሬ ለሁሉ ሲደርስ
ከማንኪራ ቡናና ከምርት ገበያ ሥራ የሚገኝ የንግድ ትምህርት

እንደሚታወቀው የንግድ ሥራ በሦስት ነገሮች ይቆማል፤ እነርሱም ገንዘብ፣ ዕቃና ወሬ ናቸው። ወሬ ስንል የሠፈር ሐሜት ማለታችን አይደለም፤ ዕቃው ዛሬ በየት ገበያ ስንት እንደሚያወጣ፣ ጥራቱም ምን ያህል እንደሆነ የሚነገረውን እርግጠኛ ዕውቀት ማለታችን ነው። ገንዘብ የሌለው ነጋዴ ይበደራል፤ ዕቃ ያጣም ከሌላ ይገዛል። የዋጋ ወሬ የሌለው ግን ባለ ገንዘብም ሆኖ ይከስራል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ይህን ዕውቀት ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ ለብዙዎች ማድረስ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚያጎድል ከአገራችን ታሪክ አንሥተን እንመለከታለን።

ለምሳሌ የምንወስደው ማንኪራን ነው። ከአዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በቦንጋ ከተማ አካባቢ ማንኪራ የሚባል የቡና ደን አለ። የከፋ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘበት ስፍራ ይህ ነው ይላሉ፤ የቡና ብሔራዊ ሙዚየምም በቦንጋ ተሠርቷል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድግ የደን ቡና ነው። ቀይ የበሰለው ፍሬ ተለቅሞ፣ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ ጀንፈሉም ተፈልፍሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል።

ይህ ቡና ከለቃሚው እጅ ተነሥቶ ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢውም ወደ ላኪ ይደርሳል። ቀድሞ የቡና ጨረታ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚካሄድበት ዘመን የዕለቱን ዋጋ የሚያውቀው በጨረታው አዳራሽ የተገኘ ሰውና የእርሱ ወዳጅ ብቻ ነበር። ለቃሚው የሚያውቀው ሰብሳቢው የነገረውን ነው። ሰብሳቢውም ቢሆን ሁልጊዜ አታላይ ስለሆነ አልነበረም ዝቅ አድርጎ የሚገዛው፤ ነገ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ባለማወቁ ፈርቶ ነው። እንግዲህ ድንቁርና ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም የሚጎዳ መሆኑን ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

ይህን ጉዳይ በጥናት ከመረመሩት አንዷ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ናቸው። እኒህ የምጣኔ ሀብት ሊቅ የዶክትርና ትምህርታቸውን በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲፈጽሙ ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ነበር። በጥናታቸውም እንደገለጹት፣ የእህል ነጋዴው ዋጋውንና የማያውቀውን ሰው ታማኝነት ማረጋገጫ ስላልነበረው፣ ንግዱን በሚያውቃቸው ጥቂት ሰዎች ዙሪያ ብቻ ይወስን ነበር፤ ራቅ ካለ ሰው ጋራ መገበያየት ሲያስፈልገውም በአዲስ አበባ ባሉ ደላሎች ይተማመን ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት በበዛ ጊዜ ዋጋው እጅግ ወደቀ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ሆኖ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው። አንድ አገር በአንድ ዓመት የተትረፈረፈ እህል ገዢ አጥቶበት በማግሥቱ መራቡ የዝናብ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉድለት ነው የሚለው የሊቋ ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው።

ስለዚህም ወደ አገራቸው ተመልሰው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እንዲቋቋም ደከሙ። ምርት ገበያው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በ2000 ዓ.ም. በእህል ሥራውን ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ቡናም ወደዚያው ገባ። ዶክተር እሌኒ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ለአራት ዓመት ያህል መርተውታል፤ በኋላም ብሉሙን የተባለ፣ በእርሻና በንግድ አዲስ ሐሳብ ይዘው የሚነሡ ወጣቶችን የሚያግዝ ድርጅት በአዲስ አበባ አቋቁመዋል።

የምርት ገበያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። አቅራቢው ቡናውን በቅርቡ ወዳለው መጋዘን ያመጣል፤ ቦንጋም እንዲህ ያለ የመረከቢያ ጣቢያ ካላቸው ከተሞች አንዷ ናት። በዚያ ቡናው ይመዘናል፤ ናሙናውም የባለቤቱ ስም ተሰውሮ በምሥጢር ቁጥር ለቀማሾች ይቀርባል። ከመቶው ነጥብ 40ው ለፍሬው መልክና ንጽሕና፣ 60ው ለሲኒው ጣዕም ይሰጣል። ደረጃው ከታወቀ በኋላ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል፤ ሽያጩ ሲፈጸም ገንዘቡ በማግሥቱ በባንክ ይገባለታል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዋጋው የተሰወረ አለመሆኑ ነው። የተሸጠበት ዋጋ በገጠር ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች፣ በስልክ መልእክት፣ በራዲዮና በጋዜጣ ለማንም ሰው እንዲነገር ተደረገ።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ በሌላው ዓለምም ተፈትኗል። በአሜሪካ የቺካጎ የእህል ነጋዴዎች በ1848 እ.ኤ.አ. የጋራ ገበያ አቋቁመው ዋጋን በአደባባይ መናገር ጀመሩ። በሕንድ በኬራላ ጠረፍ ደግሞ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ ስልክ ሲገባ፣ አሣ አጥማጆች ከባሕር ላይ ሆነው ዋጋ እየጠየቁ ወደሚሻለው ወደብ መሄድ ቻሉ። ጉዳዩን ያጠና አንድ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እንደመዘገበው፣ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ሲያድግ የተጠቃሚው መግዣ ዋጋ በ4 በመቶ ቀነሰ፤ ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው አሣም ቀረ። ዕውቀት ሲስፋፋ አንዱ የሚያተርፈው ሌላው ከሚከስረው ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

አሁን የዋጋ ወሬ የሰማ ሰው እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚገባ በሒሳብ እንመልከት። ቁጥሮቹ ለትምህርት ብቻ የተሰጡ እንጂ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በቦንጋ መጋዘን የአንድ ፈረሱላ ንጹሕ ቡና ዋጋ 4,000 ብር ነው እንበል። አቅራቢው ለማጓጓዣ 100፣ ለከረጢትና ለጫኝ 50፣ በመድረቅ ለሚጎድለው 80፣ ለተበደረው ገንዘብ ወለድ 70፣ ለራሱ ትርፍም 200 ብር ቢያስብ ድምሩ 500 ብር ይሆናል። ስለዚህ ለሻጩ 3,500 ብር መክፈል ይችላል ማለት ነው። 2,800 ብር ብቻ ቢሰጥና ሻጩ ዋጋውን የማያውቅ ቢሆን፣ በ10 ፈረሱላ 7,000 ብር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ አለፈ።

ነገር ግን ሻጩም ሊሳሳት ይችላል። በሰሌዳው የተነገረው የንጹሕ ቡና ዋጋ ነው፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ሁለት ኪሎ ያህል ጀንፈል ያስፈልጋል። ጀንፈል ይዞ የመጣ ሰው 4,000 ብር ካልተከፈለኝ ቢል ስሕተቱ የእርሱ ነው፤ ተገቢው ዋጋ ከግማሹ አልፎ አይሄድም፤ የመፈልፈያውም ኪሳራ ከዚያው ይቀነሳል። እንዲሁም ደረጃውን ሳያውቁ ዋጋውን ብቻ ማወቅ ከንቱ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ዋጋ ለአምስተኛ ደረጃ ቡና አይሰጥምና።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ጉድለቱንም ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ቡናው በመጋዘን ሲመደብ ከሌላው እኩል ደረጃ ካለው ቡና ጋራ አንድ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ዋጋው ለሕዝብ ሲገለጥ የቦታው ስም ተሸፈነ። የማንኪራ ደን ቡና ከፋ በሚል የጋራ ስም ይሸጣል እንጂ፣ ገዢው ፍሬው ከየትኛው ደን እንደተለቀመ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። በውጭ አገር ልዩ ጣዕም ያለው ቡና የሚገዙ ነጋዴዎችም ይህን አጥብቀው ነቀፉ። መንግሥት በንግድ ምልክት በውጭ አገር ያስመዘገባቸው ስሞች ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ ሲሆኑ ከፋ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። የቡና መገኛ ነኝ የሚል አገር በስሙ የሚገባውን ዋጋ ሳያገኝ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከምርት ገበያው ውጭ በቀጥታ እንዲልኩ አስቀድሞ ተፈቅዶላቸው ስለነበር፣ የከፋ የደን ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በዚህ መንገድ የቦታውን ስም ይዞ ሊሸጥ ችሏል። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1051 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በሩ ለሌሎችም ሰፋ፤ ሁኔታውን የሚያሟላ ገበሬና አቅራቢ ከላኪ ጋራ በውል ተገናኝቶ የቡናውን መነሻ ሳያጠፋ መሸጥ ይችላል። ሆኖም አዲሱ መንገድ የራሱ ፈተና አለው። በውል በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ሽያጭ በአደባባይ ሰሌዳ አይነገርም። ቡናው ከአደባባዩ በራቀ መጠን የማንኪራው ለቃሚ የሚያመዛዝንበት ዋጋ እየሳሳ ይሄዳል። እንግዲህ የመነሻውን ስም ስናተርፍ የዋጋውን ብርሃን እንዳናጠፋ መጠንቀቅ አለብን።

ለዚህም በእጃችን ያለ መፍትሔ አለ። ላኪ የሆናችሁ፣ በየከረጢቱ የተለቀመበትን ደንና ቀን የሚያመለክት ጽሑፍ አኑሩ፤ መዝገቡንም ጠብቁ። አቅራቢና ሰብሳቢ የሆናችሁ፣ የምትገዙበትን ዋጋ ከነደረጃው በሱቃችሁ በር ላይ በየቀኑ ጽፋችሁ ስቀሉ፤ ሚዛናችሁም ለሻጩ ፊቱን ያዙር። አስመጪና ባለሱቅ የሆናችሁም፣ ነገሩ የቡና ብቻ ነው አትበሉ፤ ዘይትና ስኳር ለሚገዛችሁ ሰው ዋጋውን በግልጽ ብትጽፉለት ደንበኛችሁ ይበዛል እንጂ አይሸሽም።

ዕውቀትን ሸሽጎ የሚያተርፍ ነጋዴ የሚያተርፈው ሻጩ እስኪነቃ ድረስ ነው። ዕውቀቱን ገልጦ የሚነግድ ግን በፍጥነቱ፣ በጥራቱና በታማኝነቱ ያተርፋል፤ ይህ ትርፍም ለልጅ ይተላለፋል። በማንኪራ ደን ቅርጫት ይዞ የሚለቅመው ሰውና በወደብ መርከብ የሚያስጭነው ላኪ ያንኑ አንድ ዋጋ ሊያውቁ የቻሉ ዕለት፣ ንግዳችን በእውነት ጠና ለማለት እንደፍራለን።