የፒክ አፕ መኪና የፊት እግር ኩሽኔታ አለዋወጥ

በፊዚክስ ትምህርታችን ሰበቃ ማለት ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንቀሳቀሱ እንቅስቃሴያቸውን የሚቃወም ኀይል ነው ብለን በደብተራችን ጽፈናል። እኔ ግን ይህ ኀይል ምን ሊያደርግ እንደሚችል በሚገባ የተረዳሁት በመንገድ ዳር ቆሜ ነው። ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቼ፣ እንዲሁም መኪና ላላቸው ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ስለ ፊት እግር ኩሽኔታ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። ኩሽኔታ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን መኪናውም፣ ጭነቱም፣ ሰዎቹም የሚሄዱት በእርሱ ላይ ተቀምጠው ነው።

ኩሽኔታ ምንድን ነው?

የመኪናው ክብደት የሚያርፈው በማይዞረው የጎማ ዘንግ ላይ ነው፤ ጎማው ደግሞ በዚሁ ዘንግ ዙሪያ መዞር አለበት። ብረት በብረት ላይ እየተንሸራተተ ቢዞር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይግልና ይበላል። ሰዎች ከባድ ድንጋይ ሲያንቀሳቅሱ ከሥሩ ድቡልቡል እንጨት እንደሚያኖሩ ሁሉ፣ በዘንጉና በጎማው እምብርት መካከልም የሚንከባለሉ ትንንሽ ብረቶች ይገባሉ። የሚንከባለል ነገር ከሚንሸራተት ነገር ይልቅ ሰበቃው እጅግ ያነሰ ነውና።

የኋላ እግሩ ብቻ በሚስብ የቆየ ፒክ አፕ ላይ በእያንዳንዱ የፊት እግር ሁለት ኩሽኔታዎች ይገኛሉ። ትልቁ በውስጥ በኩል፣ ትንሹ በውጭ በኩል ነው። ተንከባላዮቻቸው ወደ አንድ ጫፍ እየቀጠኑ የሚሄዱ ናቸው። ለዚህ ዓይነቱ ኩሽኔታ በአሜሪካ አገር ሠረገላ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቲምከን ከባልደረባው ጋር ሆኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 የፈጠራ መብት ተቀብሎበታል። ጥቅሙም ከላይ የሚጫነውን ክብደትና መኪናው ሲታጠፍ ከጎን የሚገፋውን ኀይል በአንድነት መቻሉ ነው። ሁለቱ ኩሽኔታዎች ቀጭን ጫፋቸውን ፊት ለፊት አድርገው ስለሚቀመጡ፣ አንዱ ከአንድ ወገን የሚመጣውን ግፊት ሲይዝ ሁለተኛው ከሌላው ወገን የሚመጣውን ይይዛል።

የሥራቸውን ብዛት በሒሳብ እንመልከተው። የጎማው ዲያሜትር 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.2 ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ በ1 ኪሎ ሜትር 450 ጊዜ ያህል፣ በ100 ኪሎ ሜትር 45,000 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥም በእያንዳንዱ ሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል።

መጎዳቱ በምን ይታወቃል?

ኩሽኔታ ሲያረጅ አስቀድሞ ይናገራል። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የጉርምርምታ ድምፅ ያሰማል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል የቀኙ ኩሽኔታ ተጎድቶ እንደ ሆነ ድምፁ ይበረታል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የግራው ይጮኻል። ነገር ግን ድምፁ የሚያድገው ቀስ በቀስ ስለ ሆነ ሾፌሩ ይለምደዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ድምፁን ቀድሞ የሚሰማው አዲስ የተሳፈረ ሰው ነው።

ይህንንም ለማረጋገጥ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ላዩንና ታቹን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ ነው። ቢላወስ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መላወሱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ግን እግሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት መጋጠሚያዎች ይመርመሩ። ደግሞም ጎማውን በእጅ ሲያዞሩት አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ የሚያንኮራኩር ከሆነ የመለወጫው ጊዜ ደርሷል።

የአለዋወጡ ሥርዓት

1ኛ/ መኪናውን በደልዳላ ቦታ ማቆም፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ማገድ፤ የጎማውን ዳዶዎች ገና መሬት ሳለ ማላላት። ከዚያ በኋላ በክሪክ አንሥቶ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ መደገፊያ ማኖር። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው።

2ኛ/ ጎማውን ማውጣት። ፍሬኑ የዲስክ ከሆነ ካሊፐሩን ፈትቶ በሽቦ ማንጠልጠል ይገባል እንጂ በፍሬኑ ቱቦ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። የፍሬን አቧራ ለሳንባ ጎጂ ስለ ሆነ በአየር አይነፋም።

3ኛ/ ክዳኑን፣ ማገጃ ሽቦውን፣ ጥርስ ያለውን ዳዶና ሮንዴላውን አውጥቶ እምብርቱን መሳብ። የወጣውን ዕቃ ሁሉ እንደ አወጣጡ በተራ በንጹሕ ጨርቅ ላይ መደርደር።

4ኛ/ አሮጌውን ግሪስ በነጭ ጋዝ አጥቦ ማድረቅና ዘንጉን መመርመር። ዘንጉ የተቧጨረ ወይም በሙቀት የሰማየ ከሆነ አዲስ ኩሽኔታ ብቻውን አያድነውም።

5ኛ/ በእምብርቱ ውስጥ የተጣበቁትን የውጭ ቀለበቶች በነሐስ ዘንግ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ መትቶ ማስወጣት። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ አይገባም፤ አሮጌው ቀለበት አዲሱን ይበላዋልና። አዲሱ ቀለበት ሲገባም እኩል በእኩል ይመታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል።

6ኛ/ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ በመዳፍ ይዞ፣ ኩሽኔታውን በሰፊው ወገን ወደ መዳፍ እየጫኑ ግሪሱ በተንከባላዮቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ መሙላት። ላዩን መቀባት ብቻ አይበቃም። ከዚያም የውስጡን ኩሽኔታና አዲስ የግሪስ መከላከያ ጎማ ማስገባት፤ እምብርቱን በዘንጉ ላይ መልሶ የውጩን ኩሽኔታ፣ ሮንዴላውንና ዳዶውን መግጠም።

ዳዶውን ስለ ማጥበቅ

እነሆ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። ባለፈው ክረምት አባቴ ከመቂ ወደ አዲስ አበባ ሽንኩርት የሚያመላልሱበትን ፒክ አፕ የግራ ኩሽኔታ ስንለውጥ፣ ዳዶውን የማጥበቁ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም የጠበቀ ሁሉ የታመነ ነው ብዬ ክንዴ እስከ ቻለ ድረስ አጠበቅሁት። በማግስቱ ሽንኩርት ጭነን፣ ሁለት ጫኞች ከላይ ተቀምጠው ከመቂ ተነሣን። ዓለም ጤናን አልፈን ወደ ቆቃ ስንቃረብ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ወዲያውም ከግራው እግር ጢስ ወጣ። አባቴ ቀስ አድርገው ዳር አስያዙና ሁላችንም ወረድን።

መካኒክ መጥቶ ሲፈታው ግሪሱ ቀልጦ ፈስሷል፤ አንድ ቀን ያልሠራው አዲስ ኩሽኔታም ሰማያዊ ሆኗል። ጥቂት ብንቆይ ኖሮ ኩሽኔታው ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ጎማው ሊነቀል ይችል ነበር። ከላይ የተቀመጡትን ሁለቱን ሰዎች ቀና ብዬ ለማየት አፈርሁ። አባቴ ግን አልተቆጡኝም። «ጎማውን በእጄ አዙሬ ሳላይ መንዳቴ የእኔም ጥፋት ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። ተንከባላዮቹ ከመጠን በላይ ተጨንቀው ከተቀመጡ ሰበቃው ያሞቃቸዋል፤ ሲሞቁ ይለጠጣሉ፤ ሲለጠጡ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ጭንቀቱ ደግሞ ሙቀቱን ይጨምራል። ከመጠን በላይ ሲላላም ጎማው ይወላገዳል፤ ሸክሙም በጥቂት ተንከባላዮች ላይ ብቻ ይወድቃል።

ስለዚህ በብዙ እንዲህ ዓይነት መኪናዎች የሚሠራበት ደንብ ይህ ነው። ጎማውን በአንድ እጅ እያዞሩ ዳዶውን በቁልፍ በመጠኑ ማጥበቅ፤ ይህም ኩሽኔታዎቹ በቦታቸው እንዲቀመጡ ነው። ቀጥሎ ዳዶውን ፈጽሞ ማላላት፤ ከዚያም ያለ ቁልፍ በጣት ብቻ መልሶ ማጥበቅ። የዳዶው ጥርስ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ የሚቀርበው ጥርስ እስኪገጥም ድረስ ማላላት እንጂ ማጥበቅ አይገባም። የሚቀረው መላወስ ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ልክ ቢሰጥ ግን የመጽሐፉ ልክ ይከበር። በመጨረሻ አዲስ ማገጃ ሽቦ ይገባል፤ አሮጌው ሽቦ ዳግመኛ አይታጠፍም። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ኩሽኔታው ከእምብርቱ ጋር ታሽጎ ስለሚመጣ እንዲህ ያለ ማስተካከያ የለውም፤ ሁሉም በአንድነት ይለወጣል፤ ዳዶውም መጽሐፉ ባዘዘው ኀይል ይጠብቃል።

ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ቆሞ የእጅን ጀርባ ወደ እምብርቱ ማስጠጋት ነው። ለብ ማለቱ ደኅና ነው፤ እጅን የሚያስፈነጥር ሙቀት ካለው ግን ጉዞው ይቁም። በጎርፍ ውስጥ ካለፉም በኋላ ውኃ ግሪሱን አበላሽቶት እንደ ሆነ ማስመርመር ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ስለ ኩሽኔታ ባይናገሩትም ለእርሱም ይሠራል።

ያን የሰማየ ኩሽኔታ አልጣልሁትም፤ በጥናት ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ። ማጥበቅ ሁሉ መጠንቀቅ አለመሆኑን የተማርሁት ከእርሱ ነውና።