በጣና ሐይቅ ስለሚደረግ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ
ለወረታና ለፎገራ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ዓሣ ማጥመድ ለምግብና ለገበያ ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰው በዕረፍቱ ቀን ወደ ሐይቅ እየወረደ፣ ባስና ክራፒ የተባሉትን ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖሩ ዓሦች በመንጠቆ ሲያጠምድ ይውላል። ስለዚህም ለጀልባው፣ ለመሪው፣ ለምግቡና ለማደሪያው ገንዘብ ይከፍላል፤ ያጠመደውንም ዓሣ ብዙ ጊዜ ከነሕይወቱ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። እንግዲህ በዚህ ንግድ የሚሸጠው ዕቃ ዓሣ የማግኘት ተስፋ መሆኑን ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊገነዘበው ይገባል። ሐይቁ ዓሣ ካጣ ተስፋውም አብሮ ያልቃል።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ የደብረ ታቦርም መንገድ የሚገነጠልባት የንግድ ከተማ ናት። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳር ተዘርግቷል። ቁሐር ሚካኤልና አጎራባቾቹ ቀበሌዎች በሩዝ እርሻ የታወቁ ናቸው፤ የጉማራና የርብ ወንዞችም ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በዚህ ስፍራ ለእንግዳ የማጥመድ ጉዞ ለማሰናዳት የሚያስብ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልገዋል፤ እነርሱም ዓሦቹ፣ ወራቱና የጉዞው አሰናነድ ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ዓሦቹ

በጣና ባስም ክራፒም የለም። ከባሕር ዳር በታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ስለ ከለከላቸው፣ በጣና የሚኖሩት ዓሦች ከሌላው ተለይተው የኖሩ ናቸው። ከእነርሱም በገበያ የታወቁት ሦስት ወገኖች ናቸው።

ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ ዕፅ ይመገባል፤ እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። አምባዛ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው፤ አየር መሳብ ስለሚችል በክረምት ውሃ በተኛበት ሜዳ ላይ ሳይቀር ይገኛል። ሦስተኛው ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ነው። ይህ ወገን አንድ ዓይነት ብቻ ይመስላል እንጂ፣ በጣና ከዐሥራ አምስት የማያንሱ ዓይነቶች እንዳሉት ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው አዳኝ መሆናቸው በዓለም የዓሣ ሊቃውንት ዘንድ የሚያስደንቅ ሆኗል። በአሜሪካ ባስን ፈልጎ የሚጓዘው ሰው በጣና የሚፈልገው እነዚህን አዳኞች ነው።

አንዳንድ ሰው «ባስን አስመጥተን ብንለቅስ?» ይል ይሆናል። በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ በእርግጥ እንዲህ ተደርጓል፤ ነገር ግን ያ ሐይቅ የራሱ ዓሣ ያልነበረው ያህል ነበር። በቪክቶሪያ ሐይቅ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከውጭ የገባው የናይል ፐርች፣ በሐይቁ ብቻ ይኖሩ የነበሩትን ብዙ ዓይነት ትናንሽ ዓሦች አጥፍቷል። የጣናም ሀብት በሌላ ስፍራ የማይገኝ ስለ ሆነ፣ እንግዳ ዓሣ ማስገባት የራስን ዕቃ በእጅ ማቃጠል ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ወራቱ

ክረምት ሲገባ ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች ግማሽ ያህሉ በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በጉማራና በርብ ሽቅብ እየወጡ፣ ጠጠር ባለባቸው ገባር ወንዞች ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚህ ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል፤ ነገር ግን የሚወስደው ዕንቁላል የያዘችውን እናት ነው። ጾመ ፍልሰታም ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ፣ ዓሣ የሚበላው ጿሚ ገበያውን የሚፈልግበት ጊዜና ዓሣው የሚራባበት ጊዜ አንድ ይሆናሉ። አደጋው ከዚህ ላይ ነው።

የደረሰውም ጉዳት ተመዝግቧል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በኔዘርላንድ ሰዎች እርዳታ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ዓሣውም በብዛት ወደ ከተማ መላክ ጀመረ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ግን በሐይቁ ደቡብ በኩል የሚገኘው የነጭ ዓሣ መጠን ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ጥናት አሳይቷል። በወንዞቹ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዓሣውን ማደንዘዝም ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይፈጃል። እንደ ሸሸርና እንደ ወላላ ያሉት የፎገራ ረግረጎች ለእርሻ ሲጠነፈፉ ደግሞ በጎርፍ ጊዜ ወደዚያ የሚወጣው ዓሣ መራቢያውን ያጣል።

ባስም እንዲሁ በሚራባበት ወራት ጎጆውን የሚጠብቀው ወንዱ በቀላሉ ስለሚያዝ፣ በሰሜን አሜሪካ በአንዳንድ ግዛቶች በዚያ ጊዜ ማጥመድ በሕግ ይከለከላል። እነርሱ ይህን የሚያደርጉት ለከርሞው ገበያቸው አስበው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉዞው አሰናነድ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው እንደምንረዳው፣ ለጉዞ የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው በጋ ነው። ዓሣው ከመራቢያው ተመልሷል፤ የፎገራም ጭቃ ደርቆ መንገዱ ተከፍቷል። ሰላምና መንገድ መኖሩን አስቀድሞ አረጋግጦ የሚነሣ ነጋዴ የሚከተለውን ያስብ።

ሀ) ጉዞው በማለዳ ይጀመር፤ ከቀትር በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ማዕበል ይነሣል።
ለ) ለእያንዳንዱ ተጓዥ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ይዘጋጅ።
ሐ) መሪዎቹ ከሐይቁ ዳር ሰዎች ይመረጡ። የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩት የወይጦ ሰዎች ውሃውን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል፤ ደመወዛቸውም ለዕውቀታቸው የሚገባ ይሁን።
መ) የሚለቀቅ ዓሣ እንዳይጎዳ መንጠቆው እሾህ የሌለው ይሁን፤ ዓሣውም በእርጥብ እጅ ይያዝ።
ሠ) ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ የታየው እምቦጭ ጀልባ ስለሚያግድ፣ መነሻው ስፍራ ከዋዜማው ይመርመር።
ረ) የዓሣ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ስለ ሆነ፣ ስለ ፈቃዱ አስቀድሞ የመንግሥቱን ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በነሐሴ የተያዘች አንዲት እናት ዓሣ አንድ ጊዜ ተሸጣ ታልቃለች። ወልዳ ከተመለሰች ግን እርስዋም ልጆችዋም ለባለ ጀልባው፣ ለመሪው፣ ለምግብ ቤቱና ለባለ ማደሪያው ገቢ ያስገኛሉ። ገበሬ የቱን ያህል ቢቸግረው የዘር እህሉን አይነካም፤ ጉማራና ርብም የጣና የዘር ጎተራ ናቸው። ነጋዴው በክረምት ከእነዚህ ወንዞች የተያዘውን ዓሣ አልገዛም ቢል፣ መረቡ የሚዘረጋበት ምክንያት ይቀንሳል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ገበያ በነሐሴ የሚሸጠው ዓሣ ከየት የተያዘ ነው?
2. በክረምት ከማጥመድ ለሚታቀብ ዓሣ አጥማጅ ነጋዴው ምን ሌላ ሥራ ሊሰጠው ይችላል?
3. አንድ እንግዳ በወረታ አንድ ሌሊት ቢያድር ገንዘቡ በስንት ሰዎች እጅ ያልፋል?