ስለ እጅ ሙያ

ቅዱስ ጳውሎስ ከገማልያል እግር ሥር ኦሪትን የተማረ ሲሆን፣ በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ተቀምጦ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ይኸውም በምእመናን ላይ ሸክም እንዳይሆን ነው።

የመንዝና የግሼ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዚያ ብርዳም ደጋ የበጉን ጠጉር ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሠሩታል፤ በርኖሱና ዝተቱ ከዚህ ይወጣል። ውርጭ ገብሱን በመታው ዘመንም ቤተ ሰቡን የሚደግፈው ይኸው ሙያ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ሸማኔንና አንጥረኛን መስደብ ልማድ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስድቡን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዛሬም ልጁ ሸማኔ እንዳይባልበት የሚሰጋ ካህን አይጠፋም።

የአብነት ተማሪ በዚህ ነገር አጥብቆ ሊያስብ ይገባዋል። ዳዊት የደገመ፣ ቅኔ የተቀኘ ሁሉ መምህር ወይም አለቃ አይሆንምና። የፍየል ቆዳ ወጥሮ መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ ቁም ጽሕፈትን የተማረ ግን ከመጽሐፉ ሳይርቅ እንጀራውን ያገኛል። ይህም በአንድ ወር የሚገኝ አይደለም፤ ብራና ፋቂ ቆዳውን ሳይበሳ ማሳሳትን የሚለምደው ብዙ ካበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ መምህራን ደቀ መዝሙሩ የቀደደውን የመጀመሪያ ቆዳ እንደ ኪሳራ ባይቆጥሩበት መልካም ነው።